የሽቦ እግርና የዶፍ እጅ

ነገሩ ሳይለወጥ በፊት የትምህርት ቤቱ ሁኔታ እንዲህ ነበር። የሩጫ ሜዳው ከሕንፃዎቹ ኋላ ከግንብ አጥሩ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ነው። አንድ ዙሩ ሦስት መቶ ሜትር ነው ቢባልም የስፖርት መምህሩ በገመድ ሁለት ጊዜ ለክቶ ሁለት ሜትር እንደሚጎድለው አረጋግጧል። ስለዚህ በላይኛው ኩርባ ላይ አንድ ያረጀ የመኪና ጎማ አስቀምጦ፣ ልጆቹ በየዙሩ ጎማውን በውጭ በኩል ዞረው እንዲያልፉ አድርጓል። በታችኛው ኩርባ በኩል ደግሞ የሙዚቃ ክፍሉ አለ። የሙዚቃ ክፍሉ መስኮት መስታወት የለውም። መስታወቱን ያወረደችው ኳስ ከስፖርት መምህሩ ወገን እንደመጣች ሁሉም ያውቃል፤ ኳሷን ማን እንደመታት ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ከትምህርት በኋላ ባለችው አንዲት ሰዓት ሯጮቹ ውጪ ይሮጣሉ፣ የማርሽ ባንዱ ውስጥ ይነፋል። ትልቁ ከበሮ ከመስኮቱ ሥር በቀር የሚገባበት ቦታ ስላልነበረው ከነመቺው እዚያ ተቀምጧል። መቺው ደረተ ሰፊ የአስራ አንደኛ ክፍል ልጅ ነው። ሲጀምር ማስጠንቀቂያ ስለማይሰጥ ዶፍ ይሉታል።

የስፖርት መምህሩ የሩጫ ሰዓቱን ከአንገቱ የሚያወልቀው ሊተኛ ሲል ብቻ ነው። ተማሪዎቹ ሰከንድ የሚል ስም አውጥተውለታል፤ ያውቃል፤ አልጠላውም። የሙዚቃ መምህርቷ የሚስቱ ታላቅ እህት ነች። እሱ ወደዚህ ትምህርት ቤት ተቀጥሮ ሲመጣ «አንድ ረጋ ያለ ልጅ መጥቷል» ብላ ለእህቷ ያወራችለት እሷ ራሷ ስትሆን፣ ከዚያ ወዲህ ያቺ ወሬ በተነሳች ቁጥር «ምላሴን በቆረጠው» ትላለች። በእሁድ ምሳ ላይ ጨው ይቀባበላሉ። በትምህርት ቤት ግን ሆድና ጀርባ ናቸው። እሱ ለዳይሬክተሩ «ከበሮው የልጆቼን ትንፋሽ ያምሳል» ብሎ በየመንፈቁ ያመለክታል። እሷም «የሱ ፊሽካ ከየትኛውም ቅኝት ውስጥ አይገባም፤ ልጆቼን ጆሮ እያሳጣብኝ ነው» ብላ በየመንፈቁ መልስ ትሰጣለች። ዳይሬክተሩም ሁለቱንም አመስግነው ይሸኛሉ።

ለውጡ የመጣው በሁለተኛው መንፈቅ መጀመሪያ ላይ ነው። ዳይሬክተሩ ሁለቱን ቢሯቸው ጠርተው አስቀመጧቸው።

«ከበላይ መመሪያ ወርዷል» አሉ። «ከትምህርት በኋላ ግቢ ውስጥ መቆየት የሚችለው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው። ሌላው ወደ ቅዳሜ ጠዋት ይዛወራል።»

ቅዳሜ ጠዋት ማለት ለተማሪ የለም ማለት እንደሆነ ያልገባው መምህር በዓለም ላይ የለም። ቅዳሜ የሄደ ፕሮግራም ሁለት ወር ሳይሞላው መምህሩ ብቻውን መጥቶ ብቻውን የሚመለስበት ይሆናል።

ዳይሬክተሩ ድሮ ሒሳብ ያስተምሩ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ክርክር አይወዱም፣ ቁጥር ይወዳሉ። «ሁለታችሁም በዚህ ወር የትምህርት ቤቶች ውድድር አለባችሁ። የተሻለ ደረጃ ያመጣ ሰዓቷን ይወስዳል። በቃ።»

የስፖርት መምህሩ እጁን አወጣ። «እስከዚያ ድረስ ቢያንስ በሰላም እንድንለማመድ፣ ባንዱ ወደ አሮጌው ቤተ መጻሕፍት ቢዛወርልን።»

አሮጌው ቤተ መጻሕፍት በግቢው ሌላኛው ጫፍ፣ ከቤተ ሙከራዎቹ ጀርባ ነው። ዳይሬክተሩ ፈቀዱ። በማግስቱ የስፖርት መምህሩ ከደስታው ብዛት ከበሮውን በአንድ ወገን ይዞ ራሱ አገዘ። መምህርቷ የኖታ ማስቀመጫዎቿን ታቅፋ ከኋላ ትከተላለች።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ወንድሜ» አለችው።

«እኛ ደህና አድርገን ነው የምንታጠቀው፣ እትዬ» አለ፤ ከበሮው ከብዶት ስለነበር ግን መልሱ እንዳሰበው አልወጣለትም።

የመጀመሪያውን ቀን በጸጥታው ተደሰተ። በግቢው ውስጥ ወፍ መኖሩን ያን ቀን አወቀ። በሁለተኛው ቀን ሰዓቱን አይቶ ግንባሩን ቋጠረ።

ሯጩ ብዙ ነው፤ ተስፋው ግን አንዲት ልጅ ነች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ንግግር የማትወድ፣ ሽቦ የሚሏት የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ። የሽቦ ትልቁ ሀብቷ ፍጥነቷ ሳይሆን እኩልነቷ ነበር። አንዱ ዙሯ ከሌላው ጋር እንደ መንታ ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ አንድ ሰከንድ አይሞላም። የስፖርት መምህሩ ይህን የማስተማሩ ፍሬ አድርጎ ነበር የሚያየው። «ዙርን ማመጣጠን» የሚል ትምህርት ነበረው፤ በሠርግ ቤት እንኳ አጠገቡ ለተቀመጠ ሰው ያስተምረዋል።

አሁን ግን ሽቦ የመጀመሪያውን ዙር ውሻ እንዳባረረው ሰው ትሮጥና፣ ሦስተኛው ላይ ዝናብ እንደመታው የጭቃ ግድግዳ ትናዳለች።

እሱም ምክንያቱን በሥርዓት ይፈልግ ጀመር። ደንቡ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። ጫማዋን አስቀየራት፤ ምንም። ጫማዋን መልሶ ውሃ የምትጠጣበትን ጊዜ ቀየረ፤ ምንም። ነፋሱ ይሆን ብሎ በአጥሩ ላይ ብጣሽ ጨርቅ አሰረ፤ ጨርቁ ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሎ ዋለ። ጎማውን ሳይቀር እንደገና ለካ።

«ስትሮጪ ምን ይሰማሻል?» አላት።

«ምንም።»

«ምንም ማለት?»

«ሜዳው ምንም አይልም፣ ቲቸር።»

«ሜዳ ምን ሊል ነበር?»

«እኔ እንጃ። ድሮ ይል ነበር።»

እንቅልፍ ጎድሏት ነው ብሎ በጊዜ እንድትተኛ አዘዛት።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። «እህቴ እኮ እንቅልፍ አጥታለች» አለችው ቀና ሳትል።

«ምን ሆና?»

«ባንዱ ይጎተትብኛል አለች። ማርሹ የሬሳ ማጀቢያ መሰለኝ አለች። ያ ከበሮ የሚመታው ልጅ፣ ማነው ዶፍ፣ ግድግዳ ግድግዳ እያየ ምቱን ይረሳዋል አሉ።»

ብርጭቆውን አነሳና ረጋ ብሎ ውሃ ጠጣ።

«ደስ አለህ አይደል?»

«ምን ደስ ይለኛል?»

«ደስ ሲልህ ጆሮህ ይንቀሳቀሳል። አሁን ተንቀሳቅሷል።»

እጁን ወደ ጆሮው ሰደደና መለሰ።

ሐሙስ ዕለት ዶፍ የተረሳ የከበሮ ማንጠልጠያ ሊወስድ ወደ ድሮው ክፍል መጣ። ከበሮውን ሆዱ ላይ አንጠልጥሏል፤ ማንጠልጠያው ይገጥም እንደሆነ ሊሞክር። ሽቦ ሁለተኛ ዙሯ ላይ ናት፤ መምህሩም በልቡ «ደግሞ ልትናድ ነው» እያለ ነው። ዶፍ በሜዳው ጥግ ቆመና ምት ጀመረ። ድም። ድም። ድም።

መምህሩ ፊሽካውን አፉ ላይ አደረገ። ያን ልጅ ከሜዳው ሊያባርረው ነው። ግን አውራ ጣቱ ልማድ ሆኖበት የሩጫ ሰዓቱን ተጭኖት ነበር፤ ሽቦ መስመሩን ስታልፍ ዓይኑ ቁጥሩ ላይ ወደቀ። የድሮው ቁጥር ነው። ፊሽካውን ከአፉ አወጣ። ሦስተኛው ዙር፣ ያው የድሮው ቁጥር። አራተኛውም ያው። ማንጠልጠያው ገጥሞለት ዶፍ ሄደ። አምስተኛው ዙር ተናደ።

«አንተ ልጅ፣ ና እስቲ ተመለስ» አለ። «ቅድም የመታኸውን ምታ።»

«ምን ነበር የመታሁት፣ ቲቸር?»

«እኔ ነኝ የማውቅልህ?»

ዶፍ አንገቱን አከከ። «እኔ እኮ ማርሽ አልመታሁም። እሷን ነው የመታሁት።»

«ማንን?»

«ሽቦን። ቀኝ እግሯ መሬት ሲነካ እመታለሁ። ሁልጊዜ እንደዚህ ነው። በመስኮት አያታለሁ፣ እግሯ ሲያርፍ እመታለሁ፣ ባንዱ ይከተለኛል።»

«መምህርቷ እጃቸውን የሚያንቀሳቅሱት ለምን ይመስልሃል?»

«እሳቸው በጣም ያወናጭፉታል። ያደናግረኛል።»

ሽቦ እያለከለከች መጣች። «አንቺስ» አላት፣ «በምንድን ነው የምትሮጪው?»

በየትኛው አፍሽ ነው የምትበይው የተባለች ያህል ግራ ገባት። «በከበሮው ነዋ። ድም ሲል ቀኜን አሳርፋለሁ።»

መምህሩ በሁለቱ መካከል ቆሞ አንዴ ወደዚያ አንዴ ወደዚህ ተመለከተ። እሷ የምትከተለው ከበሮውን ነው። ከበሮው የሚከተለው እሷን ነው። ሁለት ዓይነ ስውራን ተያይዘው፣ እያንዳንዳቸው ሌላው ያያል ብለው መንገድ ሲሻገሩ ኖረዋል፤ የሚገርመው ደግሞ መኪና አልገጫቸውም። ያን ቀን ማታ ነገሩን ሲያገላብጠው ቆየና ከዚህ የባሰ አንድ ነገር አገኘ። «ዙርን ማመጣጠን» የሚለው ትምህርቱ ለማንም ምንም አላስተማረም ማለት ነው። ይህ ለመዋጥ ከበሮውን ከመሸከም ይልቅ ከበደው።

በማግስቱ ወደ አሮጌው ቤተ መጻሕፍት ሄደ። ባንዱ ወጥቶ ነበር። መምህርቷ በባዶዎቹ መደርደሪያዎች መካከል ተቀምጣ የትራምፔት አፍ በጨርቅ ትወለውላለች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር።»

ቀና አላለችም። «ከበሮው ከዚህም ይሰማል ልትለኝ ነው?»

«አይሰማም። ችግሩ እሱ ነው።»

ጨርቁን አስቀመጠች። እሱም ከመጀመሪያው ጀምሮ በተራ አስረዳት፤ ጫማውን፣ ውሃውን፣ ብጣሹን ጨርቅ፣ አራተኛውንና አምስተኛውን ዙር። የልጅ ሰበብ እንደሚሰማ ሰው ሰማችው። ዶፍ እጇን ሳይሆን የሽቦን እግር ያያል የሚለው ላይ ሲደርስ ግን ፊቷ ተለወጠ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ነው የሚለው።»

«እና እኔ ይህን ሁሉ ዘመን አየር ስመራ ነው የከረምኩት?»

«እኔም ከእርስዎ አልሻልም። ይህን ሁሉ ዘመን ሰዓት ስይዝ የከረምኩት ለእርስዎ ከበሮ ነው።»

መምህርቷ ሳቀች። በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ስትስቅ ሲያያት የመጀመሪያው ነበር፤ ሳቋ የሚስቱን ሳቅ ይመስላል፤ ይህንንም ልብ ብሎት አያውቅም።

«ለእህቴ እንዳትነግራት» አለች ዓይኗን እየጠረገች።

«ነግሬያታለሁ።»

«አይ አንተ። እንግዲህ እስከ ሞት ድረስ ታነሳብናለች።» ትራምፔቱን አንስታ ወደ ብርሃኑ አዙራ አየችው። «ስማ። የኔ ውድድር ይቀድማል። የልጅቷን እግር ለአንድ ከሰዓት ታውሰኛለህ። ላንተ ደግሞ የልጁን እጅ አውስሃለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ሰዓቷ የኔ ናት።»

«የኔ ናት፣ እትዬ።»

«እናያለን።»

የሙዚቃው ውድድር የተደረገው ወለሉ ሳንቃ በሆነ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ነው። ሽቦን ከመድረኩ ጎን፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ዶፍ ብቻ በሚያያት ቦታ አቆሟት። ሥራዋ እዚያው ቆማ መሮጥ ነው። መምህርቷ «ድምፅ እንዳታሰሚ፣ በካልሲ ይሁን» ብላ አስጠንቅቃታለች። ሽቦ ግን በካልሲ ሮጣ አታውቅምና ጫማዋን እንዳጠለቀች ገባችበት። ማርሹ ሲጀመር ሳንቃው ከሥር ያዳምቅ ጀመር፤ ጡብ ጡብ፣ ጡብ ጡብ። መምህርቷ እጇን እያንቀሳቀሰች ጥርሷን ነከሰች። ማቆም አይቻልም። የስፖርት መምህሩ በኋለኛው ረድፍ ተቀምጦ የሩጫ ሰዓቱን ያዘ፤ ማርሹ ካለቀ በኋላም እንዲያው ለማረጋገጥ ሁለት ጊዜ አየው። ሽቦ በቆመችበት አንድ ሺህ ሜትር ያህል ሮጣለች።

ዳኞቹ ሁለተኛ ደረጃ ሰጧቸው። ሰብሳቢው ዳኛ ሲናገሩም፣ ከሁሉ የማረካቸው ከትልቁ ከበሮ ሥር በስሱ የሚሰማው የሁለተኛው ከበሮ ምት እንደሆነ፣ መቺውን ግን ባለማየታቸው ማዘናቸውን ገለጹ። መምህርቷ «ትሑት ልጅ ናት» ብላ አመሰገነች።

ስለዚህ ነገሩ እንዲህ ሆነ። ሽቦ ቢያንስ ሁለተኛ ካልወጣች ያቺ ሰዓት ሄደች፤ ሯጮቹም ወደ ቅዳሜ።

ሩጫው በሚቀጥለው ሳምንት በከተማው ስታዲየም ሆነ። አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር፤ አራት ዙር ሊሞላ ሩብ የሚጎድለው። አሠልጣኞች ከሜዳው ዳር በብረት በታጠረ ቦታ ይቆማሉ፤ ከዚያ መውጣት አይፈቀድም። ከብረቱ በላይ ያለው ደረጃ የደጋፊ ነው። ዶፍ ከበሮውን ይዞ ፊት ለፊት ተቀምጧል። አጠገቡ መምህርቷ በቀኝ እጇ ለውዝ እየፈለፈለች በግራ እጇ ታስቀምጣለች። ቃሏን ጠብቃ ልጁን አምጥታለች። ከዚህ በላይ ዕዳ የለባትም።

የመጀመሪያው ዙር አማረ። ድም ሲል የሽቦ ቀኝ እግር ያርፋል፣ ያርፋልና ድም ይላል። ሁለተኛው ላይ ግን ከፊት ያሉት ልጆች እርስ በርስ እየተያዩ ቀዝቀዝ አሉ። ሽቦ በመካከላቸው ተዘግታ እርምጃዋን አሳጠረች። ዶፍ እግሯን አየና እንዲሁ ቀዝቀዝ አለ። ሽቦ የቀዘቀዘውን ምት ሰማችና ጭራሽ ዘገየች። ዶፍም አብሯት ዘገየ።

የስፖርት መምህሩ በሐሙሱ ቀን ሊጠይቀው ሲገባ የተወውን ጥያቄ አሁን ከብረቱ ውስጥ ሆኖ ጠየቀ። ሁለቱ ከተከታተሉ የሚመራው ማነው? ሁለት ሰው «ግድየለም፣ አንተ ቅደም» እየተባባለ በር ላይ ሲቆም እንደሚያመሽ፣ ሽቦና ዶፍ እየተከባበሩ ሊቆሙ ነው።

«ዶፍ፣ ፍጠን» አለ። ድምፁ በጩኸቱ ውስጥ ጠፋ።

ቀና ብሎ ወደ መምህርቷ አየ። ለውዝ እየፈለፈለች ነው። ዝም ብላ መፈልፈል ብቻ ነው የሚጠበቅባት፤ ሰዓቷ የሷ ትሆናለች። ለምን ብሎ የመጠየቅ መብት እንደሌለው አወቀ።

መምህርቷ ግን ፊቷን አጨፍግጋለች። ከበሮው ድም ባለ ቁጥር፣ የታመመ ጥርሷን ሰው እንደነካባት ትኮማተራለች። አንዴ ታገሠች። ሁለቴ ታገሠች። ከዚያ ለውዙን ወደ ቦርሳዋ ገልብጣ ተነሳች፤ ጀርባዋን ለሜዳው ሰጥታ በዶፍ ፊት ቆመችና አገጩን ይዛ ፊቱን ወደሷ አዞረች።

«እዚህ።»

«መምህርት፣ ሽቦ እኮ...»

«ሽቦ የለችም። እኔ ነኝ ያለሁት። እጄን እይ።»

እጇን ወደ ታች ጣለች። ክፍል ውስጥ እንደምታደርገው አላወናጨፈችውም፤ ላይ፣ ታች፣ ላይ፣ ታች ብቻ። ድም። ድም። ድም። የድሮው ምት ተመለሰ።

ሽቦ ከሩቅ ስሟ እንደተጠራ ሰው አንገቷን ቀና አደረገች። እርምጃዋ ተስተካከለ። ከፊቷ ያሉት ስለዘጉባት ወደ ውጭ ወጣች፤ ሁለቱን በኩርባው አለፈች፣ አንዷን በቀጥተኛው። ደወሉ ሲደወል አራተኛ ነበረች። የስፖርት መምህሩ የሩጫ ሰዓቱን ረስቶት አንገቱ ላይ ይወዛወዝ ነበር። በመጨረሻው ቀጥታ ሦስተኛዋን ልጅ አለፈች፣ ሁለተኛዋንም አለፈች፤ በአንዲት ረጅም ልጅ የትከሻ ያህል ተቀድማ መስመሩን ረገጠች።

መምህርቷ ይህን ሁሉ አላየችም። ጀርባዋን እንደሰጠች እጇን አቆመች። «ምን ሆነች?» አለች ወደ ታች።

«ሁለተኛ።»

ተቀመጠችና በቦርሳዋ ውስጥ ለውዟን ትፈልግ ጀመር። «ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ። ምት ሲጎተት ጥርሴን ያመኛል።»

«ገብቶኛል፣ እትዬ።»

«ሰዓቷንም አልለቅም።»

«እሱም ገብቶኛል።»

ዶፍ ከበሮውን ከትከሻው እያወረደ ነበር። «መምህርት፣ እጅዎ ለካ ሲቀንስ ይገባል» አለ። ለውዝ ወረወረችበት።

ሰኞ ዕለት ዳይሬክተሩ በሰሌዳው ላይ ሁለት ቁጥርን ጻፉ፤ አጠገቡም ሌላ ሁለት ጻፉ። ጠመኔውን ይዘው መልስ እንደሌለው ስሌት አፍጥጠው ቆዩ። ያስቀመጡት ደንብ እኩል ቢሆኑስ የሚል ነገር የለውም፤ ይህ ለአንድ የሒሳብ መምህር ቀላል ውርደት አይደለም።

«ሳንቲም ልወርውር?» አሉ በመጨረሻ።

«አይ» አለ የስፖርት መምህሩ። «አንድ ፕሮግራም እንሁን። መመሪያው አንድ ብቻ ነው የሚለው፤ አንድ እንሆናለን።»

ዳይሬክተሩ ወደ መምህርቷ ዞሩ። «ይስማማሻል?»

«ልጁን ከልጅቷ ለይቼ እስካስተምረው ድረስ ሌላ መድኃኒት የለኝም» አለች። «ፊሽካውን ግን ይቀይር።»

«ስሙን ማን እንበለው?»

«ስፖርትና ሙዚቃ» አለ እሱ።

«ሙዚቃና ስፖርት» አለች እሷ።

ዳይሬክተሩ ይህኛው ክርክር ከበፊቱ እንደሚረዝም ገባቸው። በጊዜ ሰሌዳው ላይ፣ ከትምህርት በኋላ ባለችው ሰዓት ትይዩ፣ «የጋራ» ብለው ጻፉና ጠመኔውን አስቀመጡ።

በሚቀጥለው ዓመት ለዚያች ሰዓት የተመዘገቡት ተማሪዎች ስልሳ ሦስት ነበሩ። ከነሱ አስራ አንዱ ሯጭ ናችሁ ወይስ ሙዚቀኛ ተብለው ሲጠየቁ መልስ አልነበራቸውም።